የገሪማና የሆላንድ እርቅ

አያ ዳኛው ዳኝተው ያልቋጩት ጠብ የለም ይባላል። ይህን አብዝተው የሚሉት ራሳቸው አያ ዳኛው ናቸው፤ ሐሰት ግን አይደለም። ከማክሰኝት እስከ ዛሪማ ድንበር የገፋውም የተገፋውም፣ ሚስቱን የፈታውም ፈትቶ የቆጨውም፣ በሬ የጠፋበትም በሬውን በዓይኔ አላየሁም ባዩም፣ አንድ ቀን እሳቸው ፊት ተቀምጦ መሬት መሬቱን አይቷል። ተኳርፎ የገባ ተቃቅፎ ይወጣል። እርሻውን ለወንድማቸው ትተው ጎንደር ከተማ ከገቡ፣ ግቢ ሠርተው ክፍል ማከራየት ከጀመሩ በኋላም ይህ ነገር አልለቀቃቸውም። ተከራዮቻቸው በውኃ ወረፋና በልብስ ማስጫ ገመድ ሲነታረኩ እንኳ ሁለት ሽማግሌ አስጠርተው በወጉ ነው የሚያስታርቋቸው። በገመድ የተጣላ ሰው ከምሳ በፊት ጉልበት ስሞ ወደ ክፍሉ ይገባል።

እኚህን ሰው ምግብ ያስጠላቸው ታዲያ ጠብ አልነበረም። ደስታ ነበር። የጓሮ ክፍላቸውን የተከራየው የሆላንድ ሰው ደስ ብሎት አስቸገራቸው።

ሰውየው ኼሪት ይባላል። ስሙ ጉሮሮ ካልጠረጉለት አይወጣም። የአያ ዳኛው ባለቤት እትዬ የትነበርሽ በሦስተኛው ቀን፣ «ልጄ፣ በዚህ ስም ስጠራህ ጎረቤት ሳል የያዘኝ ይመስለዋል» አሉትና ገሪማ አሉት፤ በዚያው ገሪማ ሆኖ ቀረ። ሥራው የድንች ዘር ነው። ሳምንቱን በዳባትና በደባርቅ ደጋ ከገበሬ ገበሬ ሲዞር ይሰነብታል፤ ዓርብ ጭቃውን እንደ ለበሰ ይመለሳል፤ ቅዳሜ ጠዋት ግቢው መሀል ካለችው ወይራ ሥር ዱካ ላይ ይቀመጥና አገሩ ላይ ጥሎት የመጣውን ነገር እያሰበ ይደሰታል። ሌላው ፈረንጅ ስለ አገሩ አይብና ስለ እህቱ ልጆች ሲተክዝ ነው የሚታወቀው። ገሪማ ግን ዝርዝር አለው። በትንሽ ደብተር የተጻፈ፣ ቁጥር የተሰጠው፣ «እንኳን ትቼው መጣሁ» የሚል ዝርዝር። አዲስ ነገር ትዝ ባለው ቁጥር ጭኑን መትቶ ይጽፈዋል። አራት ዓመት ሙሉ ጽፎ አልጨረሰም።

«ዛሬ ደግሞ ምን ትዝ አለህ?» ይሉታል አያ ዳኛው። አለመጠየቅ አይችሉም።

«ብስኩቱ፣ አያ ዳኛው። በእኛ አገር ሰው ቤት ሲሄዱ ቡና ይሰጥዎታል። ከዚያ ባለቤቷ ጣሳ ከፍታ ታቀርባለች። አንድ ብስኩት ያነሣሉ። ጣሳው ይከደናል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ተከደነ።»

«ሁለተኛው መቼ ነው የሚመጣ?»

«አይመጣም።»

እትዬ የትነበርሽ ከጓዳ ብቅ አሉ። «ጣሳው ውስጥ ሌላ አለ?» ሲሉ ጠየቁ። ሙሉ ነው አላቸው ገሪማ። እትዬ የትነበርሽ ጥቂት ቆመው አሰቡና፣ «ቢያልቅ ኖሮ አንድ ነገር ነበር» ብለው አማትበው ተመለሱ።

በሌላው ቅዳሜ ትዝ ያለው ቀጠሮ ነበር። እናቱን፣ ነፍሷን ይማርና፣ ሊያያት ሲፈልግ ከሦስት ሳምንት በፊት ቀን ማስያዝ ነበረበት።

«ምነው፣ እናትህ ችሎት ነበረች?» አሉ አያ ዳኛው።

ከዚያ ደግሞ የልደት ሰሌዳው መጣ። የዘመድ አዝማዱ ሁሉ የልደት ቀን ተጽፎበት ሽንት ቤት ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሰሌዳ አለ። ያን ዕለት የደብሩ መሪጌታ ህሩይ ለጨዋታ ጎራ ብለው ነበርና ጢማቸውን ይዘው አሰላሰሉት። «እንግዲህ ስንክሳሩን ሽንት ቤት ሰቅለውታል ማለት ነው» አሉ በመጨረሻ። ገሪማ፣ ሰው በየቀኑ ሳይገባ የማይውልበት ቦታ ስለሆነ ነው፣ እንዳይረሳ፣ ብሎ አስረዳ። መሪጌታ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ። ከመሰቀሉ ይልቅ ያሳዘናቸው ነገሩ በቂ ምክንያት ያለው መሆኑ ነው።

ሰው ይስቃል። አያ ዳኛውም አብረው ይስቃሉ። ግን እየቆየ ሳቁ አልጥም አላቸው። ልጃቸው ባምላክ ያለው እዚያው ሆላንድ ነውና።

ባምላክ ከሄደ ስድስት ዓመቱ። ለትምህርት ሄደ፣ ጨረሰ፣ ሥራ ያዘ፣ ቀረ። እሑድ እሑድ በዓሥር ሰዓት ይደውላል፤ አንድም እሑድ አጉድሎ አያውቅም። «ደህና ነኝ። እናንተስ? ሥራ ጥሩ ነው። ብርድ ነው። እማዬን ሳምልኝ።» ከዚህ ያለፈች ቃል ወጥታው አታውቅም። ስለ ሰዉ ሲጠይቁት ደህና ናቸው ይላል። ስለ ምግቡ ሲጠይቁት ጥሩ ነው። መቼ ትመጣለህ ሲባል፣ እናያለን። የከብት ሌባ ሲያናዝዙ የኖሩት ሰውዬ ከገዛ ልጃቸው አንድ ወሬ ማውጣት እያቃታቸው ስልኩን ለሚስታቸው ያቀብላሉ። ገሪማንም ያለ ዋስ ያከራዩት «የልጄ አገር ሰው ነው» ብለው ነበር።

አንድ ቅዳሜ ወይራዋ ሥር ብቻቸውን ተቀምጠው ነገሩን እንደ ሙግት አገላበጡት። ገሪማ ያንን አገር ጥሎ መጥቶ ይፈነድቃል። ባምላክ ይህን ቤት ጥሎ ያንኑ አገር መርጧል። አንድ ብስኩት ተሰጥቶ ጣሳ የሚከደንበት፣ እናት በቀጠሮ የምትታይበት፣ የዘመድ ስም ሽንት ቤት የሚሰቀልበት አገር ለልጃቸው ከተሻለው፣ እዚህ ቤት ውስጥ ምን የከፋ ነገር ቢኖር ነው? ባምላክም እንዲህ ያለ ደብተር ካለው አንደኛ ተራ ላይ የተጻፈው ማን ነው? 

ሌላ አባት ቢሆን ልጁን ይጠይቅ ነበር። አያ ዳኛው ግን ሽማግሌ ናቸው፤ ሽማግሌ ነገርን ፊት ለፊት አይነካም፣ ዙሪያውን ይሄዳል። ስለዚህ ዞሩ። የገሪማ ደስታ ደስታ አይደለም፣ ቂም ነው ብለው ቆረጡ። ቂም ከሆነ ደግሞ ይታረቃል። ገሪማ ከሆላንድ ጋር ታርቆ፣ እንባው ጠብ ብሎ፣ አገሬ ናፈቀኝ ካለ፣ ጥሎ የሄደ ሰው ሁሉ ውስጥ ውስጡን ይናፍቃል ማለት ነው። ባምላክም ይናፍቃል ማለት ነው። ባይልስ? ይህን ማሰብ አልፈለጉም።

በማግስቱ መሪጌታ ህሩይንና ማክሰኝት ሳሉ ጀምሮ አብረዋቸው የሚሸመግሉትን አያ በላቸውን ጠርተው ነገሩን ዘረጉላቸው። አያ በላቸው ጆሯቸውን ቆረቆሩ።

«ሰውዬውስ ይኸው። አገሪቱን ግን እንዴት አድርገን ነው የምናስቀምጣት?»

«ወኪል ይቆማል» አሉ መሪጌታ። «መምጣት ያልቻለ ባላጋራ በወኪል ሲታረቅ የኖረ ነው። ንጉሥም ቢሆን በእንደራሴ ይናገራል።»

በዚህ ተስማሙና ገሪማን አስጠሩት። ገሪማ ነገሩን ሰምቶ ዓይኑን አርገበገበ። «እኔ ከሆላንድ ጋር አልተጣላሁም» አለ።

ሦስቱ ሽማግሌዎች ተያይተው ፈገግ አሉ። በሠላሳ ዓመት ሽምግልና ከዚህ ሌላ ቃል የጀመረ ጠበኛ አላጋጠማቸውም። «ገና ትኩስ ነው» አሉ አያ በላቸው በሹክሹክታ። ገሪማ እንቢ ለማለት የማይችል ሰው ነው፤ እሺ አለ። ሽማግሌዎቹ ለሚመጣው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ብለው ሲቀጥሩት የቀጠሮ ማስታወሻ ፈለገ፤ የቀጠሮ ማስታወሻ ግን ትቼው መጣሁ ከሚላቸው ነገሮች ስድስተኛው ስለሆነ አልያዘም። መዳፉ ላይ በእስክሪብቶ ጻፈው።

ሆላንድን የማግኘቱ ሥራ በወንዴ ላይ ወደቀ። ወንዴ የአያ በላቸው የእህት ልጅ ነው፤ ቱሪስት ያስጎበኛል፤ የሆላንድንም ቋንቋ ከእነሱ ጥቂት ለቃቅሟል። ቅዳሜ ጭላዳ ዝንጀሮ ልታይ ወደ ስሜን ተራሮች የምታልፍ አንዲት የሆላንድ አስተማሪ ፒያሳ ካለ ሆቴል አገኘ። አንከ ትባላለች። «ነገ የባህል ሥነ ሥርዓት አለ፣ ተሳታፊ ይፈለጋል» አላት። ምን እንደምትሆን አልነገራትም። እሷም ወንበዴ ወይም ሙሽራ እሆናለሁ ብላ ሳይሆን አይቀርም፣ በደስታ ተቀበለች።

አንድ ነገር ብቻ ጎደለ። በወጉ ይቅርታ የሚጠይቅ ወገን ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ነው የሚቀርበው። ከተማ ውስጥ ደግሞ ድንጋይ የለም። ያለው ኮብልስቶን ነው፤ እሱም የመንግሥት ነው። አያ በላቸው መታጠፊያው ላይ የላላ አንድ ፍሬ አገኙና ግራ ቀኝ አይተው በጋቢያቸው ጠቅልለው ይዘውት ገቡ። «ሲያልቅ እንመልሰዋለን» አሉ። ከእሱ ሌላ ሁሉም ነገር ሸጋ ሆኖ ተሰናዳ።

እሑድ ሽማግሌዎቹ ወይራዋ ሥር በአግዳሚው ላይ ተደረደሩ። ገሪማ በግራ፣ አንከ ከተራራ መውጫ ዱላዎቿና ከትልቅ ቦርሳዋ ጋር በቀኝ ተቀመጠች። ለሆላንድ ክብር ሲባል እትዬ የትነበርሽ የራሳቸውን ነጠላ አለበሷት። ተከራዮቹ ልብስ ማስጣት ትተው በየደጃፋቸው ቆሙ። መሪጌታ ህሩይ አቡነ ዘበሰማያት ደግመው ባረኩና ወደ እንግዳይቱ ዞሩ።

«ሆላንድ፣ ልጅሽ በአንቺ ላይ አቤት ይላል። አንደኛው ነገር ብስኩት ነው። ጣሳው ሙሉ ሳለ አንድ ብቻ ሰጥተሽ ትከድኚበታለሽ።»

ወንዴ ተረጎመ። የአንከ ፈገግታ ቀስ እያለ ጠፋ። ወደ ገሪማ ዞራ ከላይ እስከ ታች አየችው።

«አንድ ይበቃል» አለች።

«ጣሳው ሙሉ ሆኖ ሳለ?» አሉ አያ በላቸው።

«ሙሉ ሆኖ የሚቆየው አንድ አንድ ስለሚነሣ ነው።»

መሪጌታ ይህን መልስ በልባቸው አመላለሱት። «ይቺ ሴት ቅኔ ተምራለች» አሉ ቀስ ብለው። ቀጠሉና ስለ ቀጠሮው አነሡባት። አንከ፣ ሳይነግራት የመጣ እንግዳ ቤቷ ተዝረክርኮ እንደሚያገኘው ተናገረች። እትዬ የትነበርሽ ከሽማግሌዎቹ ኋላ ሆነው ይህ እውነት ነው አሉ፤ ዝም በሉ ተባሉ። ሰሌዳው ሲነሣ አንከ ነጠላውን ከትከሻዋ አውርዳ ቆመች። የእሷ ሰሌዳ የሟች እናቷ ነበር። አሁንም እዚያው ሽንት ቤት ተሰቅሏል፣ የእናቷም ስም በእናቷ ጽሕፈት አለበት። ምኑ ነው የሚያስቀው?

ገሪማም ተነሣ። ከዚህ በኋላ ወንዴ አልተጠየቀም። ሁለቱ በዚያ በጉሮሮ በሚነገር ቋንቋቸው ተያያዙት። ገሪማ ደብተሩን አውጥቶ ያነባል፤ አንከ ለእያንዳንዱ ቁጥር በዱላዋ መሬት እየመታች ትመልሳለች። «አሁን ስለ ዝናብ ነው» ይላል ወንዴ፤ «አሁን ስለ ብስክሌት ሆነ፤ አሁን የትውልድ ከተማውን እየሰደበች ነው፤ ይህንን አልተረጉምም።» ተከራዮቹ ተንጫጩ። ሽማግሌዎቹ ግን ተዝናንተው ተቀመጡ። ነገሩ በመልኩ መጣላቸው።

«መግሉ ወጣ» አሉ አያ ዳኛው።

ሁለቱ ደክሟቸው ሲቀመጡ ሽማግሌዎቹ ፈቀቅ ብለው ተማከሩና ፍርዳቸውን ይዘው ተመለሱ። ሆላንድ በብስኩቱና በቀጠሮው አጥፍታለች፤ ገሪማ የሟች እናት ጽሕፈት ያለበትን ነገር አንሥቶ በማላገጡ አጥፍቷል። የብስኩቱ ስለሚከብድ ድንጋዩን ሆላንድ ትሸከም። ወንዴ ይህን እንዴት አድርጎ እንደተረጎመው አይታወቅም። ከሁሉ የሚያስገርመው አንከ ድንጋዩን ስታይ ደስ አላት። የመጣችው ለሥነ ሥርዓት አይደል። ኮብልስቶኑን በማጅራቷ ላይ አስቀምጣ፣ ጎንበስ ብላ፣ ግቢውን አንድ ጊዜ ዞረችና ገሪማ ፊት ተንበረከከች። ወንዴ ፎቶ አነሣት።

ገሪማ ፊቱ እንደ በርበሬ ቀላ። ድንጋዩን ከማጅራቷ አነሣ። አስተምረውት ስለነበር «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለ። ከዚያ ያላስተማሩትን አደረገ፤ ስለ ሰሌዳው ይቅርታ ብሎ ጉልበቷን ሳመ። እትዬ የትነበርሽ እልል አሉ። ጠላ ወጣ። አንከ ዳቦ ቀረበላት፤ አንድ ቁራሽ አንሥታ ስትተው መሶቡ አልተከደነም። እየቆየች ሦስት በላች።

አሁን ነው እንግዲህ ነገሩ። አያ ዳኛው ገሪማን በክንዱ ይዘው ከጫጫታው ለየት አደረጉት። 

«ታረቅህ?»

«ታረቅሁ።»

«ከልብህ?»

«ከልቤ ነው፣ አያ ዳኛው።»

«እንግዲያስ አሁን እውነቱን ንገረኝ። አገርህ ናፈቀህ?»

ገሪማ አሰበ። ሰው ደስ ለማሰኘት የሚዋሽ ዓይነት ቢሆን ኖሮ ያኔ በዋሸ። «አልናፈቀኝም» አለ። «ቂም የለብኝም። እንኳን ትቼው መጣሁ።»

አያ ዳኛው በአጥሩ ላይ ተደገፉ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያልተበገረ ስማቸው በዚያች ደቂቃ ወደቀ፤ እሳቸው ግን ስማቸውን አላሰቡም። እንግዲህ ሰው ቂም ሳይኖርበት፣ ታርቆም፣ ስሞም፣ ቤቱን ትቶ በመሄዱ ብቻ ደስ ሊለው ይችላል። ልጄ ደስ ብሎታል አሉ በልባቸው። እኛን ባለማየቱ ደስ ብሎታል።

«አባትህ በሕይወት አለ አይደል?» አሉ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ይህን ዝርዝር ያውቃል?»

«አባቴማ መጀመሪያ የሚሰማው እሱ ነው። ሐሙስ ሐሙስ በስልክ አነብለታለሁ። አንዳንዱን እሱ ነው የጨመረው። ዝናቡ የእሱ ነው።»

«አልከፋውም?»

«ምን ይከፋዋል? እሱም እዚያ ነው ያለው፤ ዝናቡ እሱንም ይመታዋል።»

«እሱ ራሱስ? ከዝርዝሩ አለ?»

«አለ» አለ ገሪማ። «ሦስተኛ ነው። ምግብ ሲበላ ማንም እንዳይናገር ይከለክል ነበር። ነገርሁት። ሁለት ወር አኮረፈኝ። ከዚያ ደወለና፣ አራተኛ ብታደርገኝስ አለኝ።»

«አደረግኸው?»

«አላደረግሁትም። እየተከራከርን ነው።»

የገሪማ አባት ከልጁ ደብተር ውስጥ ሦስተኛ ተራ ላይ ተቀምጦ በየሐሙሱ ይከራከራል። አያ ዳኛው ግን ከባምላክ ዘንድ ስንተኛ ተራ ላይ እንደሆኑ እንኳ አያውቁም። በዚያች ሰዓት በሰውየው ቀኑ፤ ሦስተኛ በመሆኑ ቀኑበት።

እንግዶቹ ተሸኙ። አያ በላቸው ኮብልስቶኑን በጋቢያቸው ጠቅልለው ወደ ቦታው መለሱ። አንከ ነጠላውን መልሳ፣ ከገሪማ ጋር ተቃቅፋ፣ በወንዴ መኪና ወደ ደባርቅ ወጣች። አያ ዳኛው ሳሎን ገብተው ስልኩን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ሌላ ጊዜ ስልኩ እስኪጠራ ይዘው የሚጠብቁት እትዬ የትነበርሽ ነበሩና ምነው ብለው አዩአቸው። ዓሥር ሰዓት ሲሆን ጠራ።

«ደህና ነኝ» አለ ባምላክ። «እናንተስ? ሥራ ጥሩ ነው። ብርድ...»

«ባምላክ።»

«አቤት አባዬ።»

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። እንደው እዚያ ሆነህ ስታስበው፣ ከዚህ ቤት እንኳን ትቼው መጣሁ የምትለው ነገር ምንድን ነው?»

«አሞሃል?» አለ ባምላክ። «እማዬ ደህና ናት?»

«ሁላችንም ደህና ነን። ንገረኝ።»

«ምንም የለም እኮ።»

«አንድ ብቻ ንገረኝ።»

እትዬ የትነበርሽ የያዙትን ልብስ አስቀመጡ። ከወዲያ በኩል የመኪና ድምፅ ይሰማል፤ ባምላክ መንገድ ላይ ነው መሰል። «እንግዲህ... የውኃው ወረፋ» አለ ልጁ እየሳቀ። ሳቁ የሰው ቤት ሳቅ ነው።

«ሸጋ። ሌላስ?»

«የክረምት ጭቃው።»

«ሌላስ?»

«እሑድ እሑድ ግቢው በተጣላ ሰው ይሞላል። ከፈተና በፊት እንኳ የማነብበት ቦታ አልነበረኝም። ሰው ሲያለቅስ፣ ሰው ሲማማል።»

«እሱስ እውነት ነው። ሌላስ?»

አያ ዳኛው ስልኩ የተቋረጠ መስሏቸው ከጆሯቸው አንሥተው አዩት። አልተቋረጠም።

«እርቁ» አለ ባምላክ።

«የማን እርቅ?»

«የእኔ። አባዬ፣ እኔ በዚያ ቤት አንድም ቀን ተቆጥቼ ጨርሼ አላውቅም። ያክስቴ ልጅ እስጢፋኖስ የፈተና ደብተሮቼን ማገዶ ያደረገ ዕለት ታስታውሳለህ? ገና እየጤሱ ሽማግሌ አስቀመጥህ። ተሳሳሙ አልኸን። እሱ ይቅር ብዬሃለሁ ብሎኝ ወጣ። እሱ! እኔን!»

አያ ዳኛው ያስታውሳሉ። በዚያ እርቅ ኮርተውበት ለአያ በላቸው ሲያወሩት ኖረዋል።

«ሌላስ?» አሉ።

«ምሕንድስና ልማር ያልሁ ጊዜስ? አንተ ሕግ አልህ። አራት ሽማግሌ ሰበሰብህ፤ መሪጌታም ነበሩ። ተስማምቷል ተባለ። እኔ አፌን አልከፈትሁም። ተስማምቷል ብለው መረቁኝ፣ ጉልበትህን ሳምሁ። ያን ቀን ልነግርህ የነበረውን ሁሉ ይዤው አውሮፕላን ላይ ወጣሁ። ይኸው እስካሁን አለ። እዚህ ከታች ያለው ጎረቤቴ ብስክሌቱን ደጄ ላይ እያቆመ ተጣልተናል፤ ሦስት ዓመት ሆነን። ደረጃ ላይ ስንገናኝ ፊቴን አዞራለሁ። ማንም መጥቶ ታረቁ አይለንም። አባዬ፣ እንዴት ደስ እንደሚል አታውቅም።»

ሠላሳ ዓመት የሠራ አፍ በአንድ ቀን አይገራም። ይቅር በለኝ ልጄ የሚለው ቃል አያ ዳኛው ምላስ ጫፍ ላይ ደረሰ፤ ከኋላው ደግሞ ምርቃቱ፣ ከምርቃቱም ኋላ አያ በላቸውን ልጥራና በቪዲዮ እንቀመጥ የሚለው ተሰልፎ ነበር። ከንፈራቸውን በጣቶቻቸው ያዙ። እስኪያልፍ ጠበቁ።

«ሌላስ?» አሉ።

ባምላክ ድምፁን ከፍ አደረገ። በስድስት ዓመት ውስጥ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ የመጀመሪያው ነው። እትዬ የትነበርሽ ከተቀመጡበት ሆነው ጩኸቱን እንጂ ቃሉን አልሰሙም፤ ደንግጠው መጥተው የባላቸውን ክንድ ያዙ።

«ምን ሆነብኝ? ምን ይላል?»

አያ ዳኛው ስልኩን በመዳፋቸው ሸፈኑ። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል፣ ፊታቸው ግን እንደ ሙሽራ አባት በርቷል።

«ተቀይሞኛል» አሉ። «ክፉኛ ነው የተቀየመኝ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ፣ አንተ ሰው? ይቅርታ ጠይቀው እንጂ።»

«ዝም በይ እስቲ» አሉ አያ ዳኛው ስልኩን ወደ ጆሯቸው እየመለሱ። «ገና አልጨረሰም።»